ፎቶዎችን ጎን ለጎን ለመደርደር፦ የጊምፕ ግምገማ

ሁለት ሦስት ፎቶዎችን በአንድ ምስል ላይ ጎን ለጎን ለማድረግ ብዙ ሰው የሚጠቀመው በስልክ ላይ የሚጫን የኮላጅ መተግበሪያ ነው። ፍጥነቱ አይካድም። ነገር ግን ፎቶው አስቀድሞ በተዘጋጀ ሣጥን ልክ ስለሚቆረጥ፣ ዳር የቆመ ሰው ትከሻው፣ አንዳንዴም ፊቱ ጭምር ከምስሉ ውጭ ይቀራል። በፍሬም ገብቶ ሳሎን የሚሰቀል የምረቃ ወይም የሠርግ ፎቶ እንዲህ ሊጎመድ አይገባውም፤ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ጊምፕን የምመርጠውም ስለዚህ ነው።

ጊምፕ እ.ኤ.አ. በ1995 ስፔንሰር ኪምቦል እና ፒተር ማቲስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተማሪ ሳሉ የጀመሩት ነጻ የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ነው። በዊንዶውስ፣ በማክ እና በሊኑክስ ላይ ይሠራል፤ ክፍያ አይጠይቅም፣ በሥራዎ ላይም የራሱን ምልክት አያትምም።

ዋናው ጥንካሬው ሁሉን ነገር በቁጥር እንዲወስኑ መፍቀዱ ነው። በስልክ በቁም የተነሡ፣ ስፋታቸው 3000 ቁመታቸው 4000 ፒክስል የሆኑ ሦስት የምረቃ ፎቶዎች አሉ እንበል። በመጀመሪያ 3720 በ1660 ፒክስል የሆነ ነጭ ምስል ይከፈታል፤ ከዚያ «ኦፕን አዝ ሌየርስ» በሚለው ትእዛዝ ሦስቱም ፎቶዎች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ሌየር፣ ማለትም ለብቻው በሚንቀሳቀስ ንብርብር፣ ይገባሉ። የእያንዳንዱ ቁመት 1600 ሲደረግ፣ ስፋትና ቁመቱን የምታያይዘው የሰንሰለት ምልክት እስካልተፈታች ድረስ ስፋቱ ራሱ 1200 ይሆናል፤ የማንም ፊት አይለጠጥም፣ አይጨመቅም። ቀጥሎ በ30፣ በ1260 እና በ2490 ፒክስል ላይ የቁም መሪ መስመሮች (ለማስተካከል ብቻ የሚረዱ፣ በሥራው ላይ የማይታተሙ)፣ ከላይ ደግሞ በ30 ላይ አንድ አግዳሚ መስመር ይሰመራል። ፎቶው ወደ መስመሩ ሲጠጋ ራሱ ስለሚጣበቅ በሁሉም ፎቶዎች መካከልና ዙሪያ እኩል የ30 ፒክስል ነጭ ክፍተት ይቀራል። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም ወደ 31.5 በ14 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ጥርት ያለ ሥራ ይወጣል። ከሦስቱ አንዱ በአግድም የተነሣ ቢሆን እንኳ መቁረጥ አያስፈልግም፤ በ1600 ቁመት ስፋቱ 2133 ስለሚሆን የነጩን ምስል ስፋት በዚያው ልክ ማሳደግ ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የወጣው የጊምፕ 3.0 ስሪት ብዙ ሌየሮችን በአንድ ጊዜ መርጦ ማንቀሳቀስ አስችሏል። ስድስትና ከዚያ በላይ ፎቶ ለሚደረድር ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ከሥር ስምና ዓመተ ምሕረት በአማርኛ መጻፍ ለሚፈልግም እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ የዩኒኮድ ፎንት በኮምፒውተሩ ላይ ከተጫነ ፊደሉ በትክክል ይወጣል።

ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ የኮላጅ ቅርጽ ስለሌለው ስሌቱን ራስዎ መሥራት አለብዎት፤ ለጀማሪ የመጀመሪያው ቀን አድካሚ ነው። «ሴቭ» የሚለው ትእዛዝ የሚያስቀምጠው በጊምፕ የራሱ ፋይል ብቻ በመሆኑ፣ ጄፔግ የሚፈልግ ሰው «ኤክስፖርት» ማለትን መልመድ አለበት። ለቴሌግራም ብቻ ፈጠን ያለ ነገር የሚፈልግ ሰው በስልኩ ቢጠቀም ይሻለዋል።

ለፎቶ ቤቶች ግን ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ባለ 3 በ4 ሴንቲ ሜትር ጉርድ ፎቶ በ300 ዲፒአይ 354 በ472 ፒክስል ስለሆነ፣ በ10 በ15 ወረቀት ላይ አራት አራት እየሆነ በሁለት ረድፍ ስምንት ፎቶ ይገባል፤ ለመቀስም በቂ ቦታ ይተርፋል። ሲታተም በወረቀቱ ልክ አስፋ የሚለው የፕሪንተር ምርጫ መጥፋቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጉርዱ ከ3 በ4 ልኩ ይወጣል።