በባሕር ላይ የምሽት የፓድልቦርድ ዮጋ ላስተማሩን አሰልጣኝ የቀረበ ምስጋና

ባለፈው ሳምንት ባሕር ላይ በሚሰጥ የምሽት የፓድልቦርድ ዮጋ ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳትፌ ነበር። ፓድልቦርድ ሰው ላዩ ላይ ቆሞ በመቅዘፊያ የሚነዳው ተንሳፋፊ ቦርድ ነው፤ ዮጋውም የሚሠራው በእሱ ላይ ነው። ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ያስተማሩንን አሰልጣኝ በአደባባይ ለማመስገን፣ ይህን ትምህርት የመሞከር ሐሳብ ላላቸው ሰዎችም እሳቸውን ለመጠቆም ነው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ አላነሣውም። ነገር ግን መማር የሚፈልግ ሰው በግል ቢጽፍልኝ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ በደስታ አገናኘዋለሁ።

ምስጋናዬ የሚጀምረው ካልተማርንበት ምሽት ነው። መጀመሪያ በተቀጠርንበት ቀን ስምንት ተማሪዎች በሰዓታችን ተገኝተን ነበር። በዳርቻው አጠገብ ያለው ውኃ ረግቶ ስለነበር፣ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም ብለን ተደስተናል። አሰልጣኛችን ግን አሸዋው ላይ ቆመው ሩቁን ውኃ ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ፣ ዛሬ አንወጣም አሉን። አንዳንዶቻችን ከሥራ አስፈቅደን፣ አንዳንዶቻችንም ልጆቻችንን ለሰው አደራ ሰጥተን ስለመጣን ቅር መሰኘታችን ከፊታችን ይነበብ ነበር። እሳቸው ቅሬታችንን ዝም ብለው አላለፉትም፤ ወደ ውኃው ጫፍ ወስደው አንድ ደረቅ ቅጠል ጣሉና የሚሄድበትን እንድናይ ነገሩን። ቅጠሉ መጀመሪያ ቀስ እያለ፣ ጥቂት ከራቀ በኋላ ግን እየፈጠነ ወደ ባሕሩ መካከል ሄደ። ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር እየነፈሰ ስለነበር፣ ከኋላችን ያለው ከፍታ የቅርቡን ውኃ ከልሎ ሰላማዊ አስመስሎታል እንጂ፣ ከከለላው ወጣ ሲሉ ነፋሱ እንደሚበረታ አስረዱን። ቦርድ ላይ የቆመ ሰው ሰውነቱ ራሱ ሸራ ስለሚሆን፣ መሄዱ ያለ ልፋት ሲሆን መመለሱ ግን ጉልበት ይጨርሳል። ከዚያም ገንዘቡን መመለስ የሚፈልግ ወዲያውኑ እንዲወስድ፣ የሚጠብቅም ሌላ ቀን እንዲመርጥ ነገሩን። የዚያን ምሽት ገቢ ያጡት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ከዓመታት በፊት በሌላ ቦታ፣ ዋና መቻል አለመቻሌን እንኳ ያልጠየቀኝ አንድ ሰው ቦርድ አከራይቶኝ ብቻዬን አስወጥቶኝ ነበር፤ ልክ እንደዚህ ያለ ነፋስ ወስዶኝ በአሳ አጥማጆች ጀልባ ነው የተመለስኩት። ከዚያ ወዲህ ከጉልበቴ በላይ ወደሚደርስ ውኃ አልገባሁም። ስለዚህ ያች ቅጠል ወደ ባሕሩ ስትሄድ ስመለከት፣ ለዓመታት ጥፋቱ የእኔ ይመስለኝ የነበረው ነገር ምን እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ። በሌላ ቀን ተመልሼ ለመምጣት የወሰንኩትም በዚያች ቅጽበት ነው።

ትምህርቱ ለምን ምሽት ላይ እንደሚሰጥም ያወቅኩት ከእሳቸው ነው። ቀን የብሱ ከባሕሩ ቀድሞ ስለሚሞቅ በላዩ ያለው አየር ወደ ላይ ይነሣል፤ በምትኩም ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ከባሕር ወደ የብስ ይገባል። ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ደግሞ የብሱ ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ፣ ነፋሱ አቅጣጫውን ለውጦ ከየብስ ወደ ባሕር መንፈስ ይጀምራል። በሁለቱ መካከል ነፋሱ የሚረግብበት አጭር ጊዜ ይኖራል፤ ትምህርታቸው የሚውለው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው፤ የሚያበቃውም ነፋሱ ከመገልበጡ በፊት ነው። ከነፋሱ ሌላ የባሕሩን መሙላትና መጉደል ይቆጥራሉ። በብዙ የዓለም ዳርቻዎች ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይጎድላል፤ ከሙላቱ እስከ ጉድለቱ ያለው ጊዜም ከ6 ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ነው። ሁለተኛውን ቀጠሮ የያዙልን ሙላቱ ሊያበቃ በተቃረበበት ምሽት ስለነበር፣ የቀረው የውኃ ግፊት ከዳርቻው የሚያርቀን ሳይሆን ወደ ዳርቻው የሚያስጠጋን ነበር።

በቀጠሮው ዕለት ከመውጣታችን በፊት እያንዳንዳችንን ለየብቻ አነጋገሩን። ዋና የምንችል መሆናችንን፣ የጆሮ ሕመም ወይም የማዞር ችግር እንዳለብን፣ የትኛው መገጣጠሚያችን እንደሚያመን፣ ውኃ የምንፈራ መሆናችንንም ጠየቁ። ስለ ፍርሃቴ ስነግራቸው፣ አይዞህ ብለው ብቻ አላለፉኝም፤ ቦርዴን ባለበት የሚያቆየውን መልሕቅ ከረዳታቸው ካያክ (ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ) አጠገብ እንደሚጥሉልኝ፣ በፈለግሁ ጊዜ እጄን ብቻ ባነሣ ወደ ዳርቻ እንደምመለስ፣ ለዚህም ምክንያት መስጠት እንደማይጠበቅብኝ ነገሩኝ።

የተሰጠን ቦርድ በአየር የሚሞላ፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ30፣ ወርዱ ደግሞ 86 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ለፍጥነት ከሚሠሩት ቦርዶች ሰፋ ያለ በመሆኑ ለዮጋ ይመቻል። የላይኛውንና የታችኛውን ገጽ የሚያያይዙ በሺዎች የሚቆጠሩ ክሮች በውስጡ ስላሉት፣ በደንብ ሲሞላ እንደ ፊኛ አያብጥም፤ እንደ ሳንቃ ይጠጥራል። አሰልጣኛችን ግን አሸዋ ላይ የሞሏቸውን ቦርዶች ውኃው ላይ ካዋሉ በኋላ የአየሩን ግፊት አንድ በአንድ እንደገና ለኩ። በፀሐይ የሞቀ አየር ቀዝቃዛ ውኃ ሲያገኘው ግፊቱ ስለሚቀንስ፣ በየብስ ላይ የጠጠረ ቦርድ ባሕር ላይ መካከሉ ሊረግብ እንደሚችል፣ ይህም ቆሞ የሚሠራን ሰው ሚዛን እንደሚያሳጣ አስረዱን። ስምንት ቦርዶችን ደግሞ መለካት ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያ ሰዓት ብርሃኑ ውድ ነው፤ እሳቸው ግን አልዘለሉትም።

መልሕቅ አጣጣላቸውም የሚደነቅ ነው። ገመዱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ከወረደ ቦርዱ በተነሣ ቁጥር መልሕቁን ይነቅለዋል፤ ስለዚህ ገመዱ ከውኃው ጥልቀት ብዙ እጥፍ ረዝሞ አጋድሎ መተኛት አለበት። ገመዱ ሲረዝም ግን ቦርዱ የሚዞርበት ክብ ይሰፋል፤ እርስ በርስ እንዳንጋጭ የእያንዳንዳችንን ርቀት በዚያ መጠን አስፍተው አስቀመጡን። እሳቸው ራሳቸው ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቆሙ፤ ድምፃቸውን ነፋሱ ወደ እኛ ስለሚያመጣው፣ ለሁለት ሰዓት ያህል አንድም ጊዜ ሳይጮኹ ሁላችንም ሰማናቸው።

ከመቆም በፊት ያስተማሩን መውደቅን ነው። ደረት በሚደርስ ውኃ ውስጥ ሁላችንም በተራ ሆን ብለን እንድንወድቅ አደረጉን። በጭንቅላት መጥለቅ ፈጽሞ አይፈቀድም፤ የውኃው ጥልቀት ስለማይታወቅ፣ ሰውነትን ዘርግቶ፣ ከቦርዱ ራቅ ብሎ፣ በጀርባ ወይም በጎን መውደቅ ያስፈልጋል። ሲወጡም አንድ እጅ ጭንቅላትን ይከላከላል። ለመመለስ ደግሞ ከቦርዱ ጎን መያዣውን ጨብጦ፣ እግርን ወደ ውኃው ገጽ እየመቱ አንሥቶ፣ በደረት ቦርዱ ላይ መንሸራተት ነው። ሦስት ጊዜ ወድቄ ሦስት ጊዜ ከወጣሁ በኋላ፣ ውኃው ለዓመታት ስሸሸው የኖርኩት ነገር መሆኑ ቀረ። የነፍስ አድን ጃኬቱ ይዞኛል፤ ከቁርጭምጭሚቴ ጋር የታሰረው ገመድ ቦርዱን አጠገቤ አቆይቶልኛል። ይህን በቃል ቢነግሩኝ ኖሮ አላምንም ነበር።

በዮጋው ላይ ያየሁት ችሎታቸው ግን ከሁሉም የላቀ ነው። በክፍል ውስጥ በሚሰጡ ብዙ ትምህርቶች ከመሬት ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ መቆም ይኬዳል። እሳቸው ግን በአጭር የመተንፈስ ልምምድ፣ እንዲሁም በእጅና በጉልበት ተደግፎ ጀርባን ወደ ላይና ወደ ታች በሚያጎብጠው የድመትና የላም እንቅስቃሴ ካሟሟቁን በኋላ ቶሎ አቆሙን፤ ምሽቱ እየገፋ ሲሄድ ደግሞ ወደ መንበርከክ፣ ወደ መቀመጥ፣ በመጨረሻም ወደ መተኛት አወረዱን። ምክንያቱን የጠየቅኳቸው በኋላ ነው። ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው በዓይኑ፣ በውስጠኛው ጆሮው ባለው የሚዛን አካልና ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ ወደ አንጎል በሚደርስ መልእክት ነው። ቦርድ ላይ እግር የሚረግጠው ነገር ራሱ ስለሚንቀሳቀስ፣ ዓይን ሩቅና የማይንቀሳቀስ ነገር መያዙ ይበልጥ ያስፈልጋል። ባሕር ላይ እንዲህ ያለው ነገር አድማሱ ነው፤ አድማሱ በጨለማ ሲዋጥ ግን ዓይን የሚይዘው ያጣል። ስለዚህ ቆመን የምንሠራውን ሁሉ አድማሱ ጥርት ብሎ በሚታይበት ሰዓት አስጨረሱን። እኔ ይህን ሳላውቅ፣ ስንቆም ለምን ደጋግመው እግራችሁን ሳይሆን አድማሱን ተመልከቱ እንደሚሉን ይገርመኝ ነበር። እግሬን ባየሁ ቁጥር ተንገዳግጄአለሁ፤ ቀና ባልኩ ቁጥር ረግቻለሁ።

አቋቋሙንም ከምንጣፍ ላይ ዮጋ ጋር አስተካክለው ነበር። እግሮች ከመካከለኛው መያዣ ግራና ቀኝ፣ በዳሌ ስፋት፣ ጣቶች ወደ ፊት፤ ጉልበት ደግሞ ለቀቅ ብሎ። አንድ እግር ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ተዘርግቶ የሚቆመውን የጦረኛ አቋም ስንሠራ እርምጃችንን አሳጠሩልን፤ ክብደት በድንገት ወደ ኋላ ከሄደ የቦርዱ ጅራት ስለሚሰምጥ፣ ከአንዱ አቋም ወደ ሌላው በአንድ ሙሉ ትንፋሽ ልክ እንድንሸጋገር አደረጉን። በዚህ ምክንያት እንቅስቃሴያችን ከለመድኩት እጅግ ዘገየ፤ በማግሥቱ ግን በሆዴና በቁርጭምጭሚቴ ዙሪያ ሠርተው የማያውቁ የሚመስሉ ጡንቻዎች ድካም ተሰማኝ። በአንድ እግር የሚቆመውን የዛፍ አቋም አልሞከርኩም። አሰልጣኛችን ይህን አይተው አልገፋፉኝም፤ በጉልበቴ ተንበርክኬ ክንዶቼን ብቻ እንዳነሣ በዝግታ ነገሩኝና ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አንዲት እናት ደግሞ መላውን ትምህርት ተቀምጠው የሚሠሩበት መንገድ አስቀድመው አዘጋጅተው ስለነበር፣ እኚህ እናት አንድም ጊዜ ከሌላው ተለይተው ተመልካች አልሆኑም።

በመጨረሻ ለሻቫሳና፣ ማለትም ለዮጋው መዝጊያ ዕረፍት፣ ጀርባችን ላይ ተጋደምን። ብርሃኑ ጠፍቶ ነበር ማለት ይቻላል፤ በየቦርዱ ጫፍ የታሰረው ትንሽ መብራት ብቻ ይታያል። እጄን ከቦርዱ ጎን ለቅቄ ጣቶቼ ውኃው ውስጥ ገብተው ነበር፤ ከጆሮዬ ሥር ውኃው ቦርዱን በቀስታ ሲመታ ይሰማኛል። ከውኃ ስሸሽ የኖርኩ ሰው እንዲህ ባለ ቦታ ዓይኔን መጨፈኔን ሳስበው አሁንም ይደንቀኛል። አንድ ጊዜ ዓይኔን ገልጬ ስመለከት፣ ሁላችንም ተኝተን ሳለ እሳቸው በቦርዳቸው ላይ መቅዘፊያቸውን ይዘው ቆመው፣ በመብራቶቹ ላይ በጸጥታ ዓይናቸውን ያዘዋውሩ ነበር። በኋላ እንዳነበብኩት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940ዎቹ በሃዋይ፣ ዋይኪኪ በሚባለው የባሕር ዳርቻ የነበሩ የሰርፍ (በቦርድ ሞገድ ላይ የመንሸራተት ስፖርት) አሰልጣኞች መቅዘፊያ ይዘው ቦርድ ላይ ይቆሙ የነበሩት፣ ተማሪዎቻቸውንና የሚመጣውን ሞገድ ከፍ ብለው ለማየት ነው። ይህን ሳነብ ወዲያው በሐሳቤ የመጡት እሳቸው ናቸው።

ለመመዝገብ ለምታስቡ ጥቂት ልጨምር። በየብስ ላይ የሚሰጠው ማብራሪያ አርባ ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ለቸኮለ ሰው ሊረዝም ይችላል፤ እኔ ግን አንዱንም ክፍል እንዲቀር አልፈልግም። ውኃ ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ ሞቃት በነበረ ምሽትም ቢሆን ከውኃ የወጣ ሰው ቶሎ ይበርደዋል፤ ስለዚህ ደረቅ ልብስና ወፍራም ሹራብ ይዛችሁ ሂዱ። ዮጋ አለማወቅ አያግድም። ዋና የማይችል ሰው ግን አስቀድሞ ይንገራቸው፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ጥልቀት በሌለው ውኃ ለብቻው ያስተምራሉ እንጂ ከቡድኑ ጋር አያወጡም፤ በዚህ ጉዳይ ልመና እንደማይቀበሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ክብርት አሰልጣኛችን፣ ላስተማሩኝ ብቻ ሳይሆን በመጀመሪያው ምሽት ስለከለከሉኝም ከልብ አመሰግንዎታለሁ። በካያኩ ላይ አጠገቤ ለነበረው ወጣት ረዳትዎም ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። ስንመለስ ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው የመልሕቁን ገመድ መፍታት ሲያቅተኝ፣ ሳልጠራው መጥቶ ፈትቶልኝ እስከ አሸዋው ድረስ ከጎኔ ቀዘፈ። እኔ ግን ደረቅ ልብሴን ለመልበስ ስቸኩል አንዲት የምስጋና ቃል እንኳ ሳልነግረው ሄድኩ።