ከቅዳሜ ገበያ የተገዛ የድሮ ወታደሮች ካርቶን፦ ዋጋውን ያወጣል?

6,500 ብር ሰጥቼ አንድ ትልቅ ካርቶን ሙሉ የድሮ የጦር ጨዋታ ወታደሮች ገዛሁ። ያወጣል ወይ ላላችሁኝ፣ አዎ ያወጣል። ግን የሚያወጣው ሻጩ በነገረኝ ምክንያት አይደለም።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። እነዚህ ወታደሮች የልጅ መጫወቻ ብቻ አይደሉም። አዋቂዎች ጠረጴዛ ላይ ጦር አሰልፈው፣ በሜትር እየለኩ፣ ዳይስ እየጣሉ የሚዋጉባቸው ናቸው። የድሮዎቹ አብዛኞቹ ቁመታቸው 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአውራ ጣት ጫፍ ብዙም አይበልጡም። ሆኖም በዚያች ቁመት ላይ ቁልፍ፣ ዝናርና የፊት ገጽ ተቀርጾባቸዋል። እንግሊዝ አገር ውስጥ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የአምራቾቹን ዘመን እንደዚያው እጽፋለሁ) በብዛት ተሠርተዋል።

ሱቁ ባሕር ዳር፣ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ያለ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ነው። የተሰበረ ማራገቢያ፣ የቢሮ ወንበር፣ የፈረንጅ መጻሕፍት፣ ምጣድ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተከምሯል። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው። ካርቶኑን ሳይ «ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኳቸው። «አሻንጉሊት ነው ልጄ፣ ከውጭ አገር ሰው ቤት የወጣ ነው፤ ብረት ስለሆነ ግን በኪሎም ቢሆን ያዋጣል» አሉኝ። በኪሎ ለቆራሌው ሊሸጡት እንደነበር ስሰማ ልቤ ደነገጠ።

ደስ ያለኝን አስቀድሜ ልናገር። ካርቶኑን በር ላይ ማዳበሪያ አንጥፌ እስክዘረግፈው ድረስ አንድም ቃል አልተናገሩኝም፤ እንዲያውም በርጩማ አምጥተው ሰጡኝ። ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ ከዚህ የሚበልጥ አገልግሎት የለም። ታሽጎ የሚሸጥ የድሮ ወታደር አትግዙ፣ ምክንያቱም ከላይ የሚታየው ንጣፍና ከታች ያለው ብዙ ጊዜ አይገናኙም።

የመለየቱ ሥራ ቤት ሲገባ ነው የጀመረው። ብዙ ሰው መጀመሪያ በጦር ዓይነት ነው የሚለየው፤ ፈረሰኛውን ወዲህ፣ መድፉን ወዲያ። እኔ ግን በተሠሩበት ነገር ለዩ እላለሁ። ላስቲኩ ለብቻ፣ ደረቁ ፕላስቲክ ለብቻ፣ ብረቱ ለብቻ። ማጽጃውም ማጣበቂያውም አደጋውም የተለያየ ነው። ማግኔት አይጠቅማችሁም፤ «ብረት» የምንለው የእርሳስና (ሌድ የሚባለው ማዕድን) የቲን ቅይጥ ነው፣ ሁለቱም አይሳቡም። ብረቱን ወረቀት ላይ ጫር አድርጉት። ግራጫ መስመር ከተወ እርሳሱ ብዙ ነው ማለት ነው። ሳንጃው በጣት ሲነካ በቀላሉ የሚታጠፍ ከሆነም እንደዚያው።

ላስቲኮቹ አብዛኞቹ ኤርፊክስ ናቸው። ይህ ድርጅት ትንንሽ ወታደሮቹን መሸጥ የጀመረው በ1959 ነው፤ ዋጋቸው ርካሽ ስለነበረ ስንቱ ተጫዋች በእነሱ ነው የጀመረው። ችግራቸው ቀለም አይዙም። ለስላሳ ስለሆኑ ሲታጠፉ ቀለሙ ይረግፋል፤ ሲያረጁ ደግሞ ራሱ ፕላስቲኩ ይደርቅና እንደ ቆሎ ቀጭ ይላል። የእኔ ካርቶን ውስጥ ያሉት ከባዱ ብረት ከላያቸው ተጭኖ ስለከረመ ጠመንጃቸው ተሰባብሯል። የተረፉትን በሳሙና አጥቤ፣ የአናጢ ነጭ ኮላ በውኃ አቅጥኜ ቀባኋቸው። ኮላው ስስ ቆዳ ይሆንላቸዋል፣ ቀለሙም ከዚያ በኋላ ይይዛል።

ብረቶቹ ናቸው ጉዳዩ። መቆሚያቸውን ገልብጣችሁ እዩ። «ኤፍ ኤን» እና «ቢ ኤን» የሚል ፊደልና ቁጥር ያለባቸው ነበሩ፤ እነዚህ ሚኒፊግስ የተባለው የሳውዝሃምፕተን (እንግሊዝ) ድርጅት የሠራቸው የናፖሊዮን ዘመን ፈረንሳዮችና እንግሊዞች ናቸው። አቋማቸው ደረቅ ያለ ነው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ይራመዳሉ። እኔ ግን እወዳቸዋለሁ፤ ሃያ ሆነው ሲሰለፉ የሚያምሩ እነሱ ናቸው። ከእግራቸው ሥር ባለው ቀጭን ምላስ ላይ «ሲታደል» የሚል ስምና ዓመት የተጻፈባቸው የተረት ፍጡሮች፣ ጎብሊን የሚባሉ ጭራቆችና ድንኮችም ወጡ። ሲታደል የተባለው የእንግሊዝ አምራች የተመሠረተው በ1978 ነው፣ ያ ምላስ ደግሞ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የመጣ ነው። በገንዘብ ካሰባችሁ ሰብሳቢ የሚሻማው በእነዚህ ነው። እኔ አልጫወትባቸውም፤ አዲስ አበባ ካለ ጓደኛዬ ጋር ልለዋወጥባቸው አስቀምጫለሁ።

አሁን መጥፎው። የተወሰኑት ላይ ነጭ ዱቄት አየሁ። አቧራ እንዳይመስላችሁ፤ እርሳሱ ራሱ እየነቀዘ ነው። ከእንጨትና ከካርቶን የሚወጣ የአሲድ ትነት ከእርጥበት ጋር ሆኖ እርሳሱን ይበላዋል፣ ጣና ዳር ደግሞ በክረምት እርጥበት አይጠፋም። የነቀዘውን ቶሎ ለዩት፣ ዱቄቱን በእርጥብ ብሩሽ አንሡ፣ በደንብ ሲደርቅ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ቀቡት። የእንጨት መሳቢያ ውስጥ መልሳችሁ አትዝጉባቸው። ዱቄቱን በደረቁ አትሞርዱ፣ አትንፉበት፤ መርዝ ነው። ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ፣ ገበታ ላይ አትሥሩ፣ ሕፃን ካለ ጨርሶ አታስጠጉ። ይህን ሱቁም ለገዢ ሊናገር ይገባዋል፤ አሻንጉሊት ተብሎ ለልጅ ቢገዛስ?

የድሮ ቀለም ለማስለቀቅ ዴቶል ከፋርማሲ ገዝታችሁ ሳይበረዝ ብረቶቹን አሳድሯቸው። በጥርስ ብሩሽ ስትፈትጉ ግን ውኃ እንዳይነካው፤ ውኃ ሲያገኘው የለቀቀው ቀለም ሙጫ ይሆናል። መጀመሪያ በዴቶል አጽዱት፣ ከዚያ በሳሙናና በውኃ። አሴቶን ለብረት ይሆናል፣ ደረቅ ፕላስቲክ ግን ያቀልጣል። በነገራችን ላይ ሁሉንም አትላጡ። የቀደመው ባለቤት በትዕግሥት የቀባቸው ነበሩ፤ የአንዱ መቶ አለቃ ዓይን እንኳ በጥቁር ነጥብ ተቀብቷል። እነዚያን አልነካኋቸውም።

ወደ ዋናው ልምጣ። ከካርቶኑ ሥር፣ በጋዜጣ ተጠቅልለው፣ ምንም ምልክት የሌላቸው ሠላሳ ገደማ እግረኞች ወጡ። ጨርቅ የተጣጣፈበት፣ ጅባ የሚባል ልብስ፣ ጦር፣ ሰፊ ጎራዴ። ድርቡሾች፣ የሱዳኑ የመሐዲ ጦር! እንግሊዞቹ እነዚህን የሚሠሩት የካርቱምንና የራሳቸውን የሱዳን ዘመቻ ለመጫወት ነው። ለእኛ ግን ይህ ጦር ሌላ ነው። በ1880 ዓ.ም. ከመተማ ወዲህ ተሻግሮ፣ ደምቢያ ላይ፣ ሳር ውኃ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርጎ ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናትን ያቃጠለው ይህ ጦር ነው። በዓመቱ፣ በ1881፣ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁት ከዚሁ ጋር ሲዋጉ ነው። ደምቢያ እኮ የዚሁ ሐይቅ ሰሜን ዳር ነው። እዚያው ጋዜጣ ውስጥ ታርቡሽ ያደረጉ ግብፆችም ነበሩ፤ የተሠሩት ለሱዳኑ ጦርነት ቢሆንም ለ1868ቱ ጉንደትና ጉራዕ ይሆኑኛል።

የዋጋ ዝርዝር ይዞ ለሚለይ ሰው እነዚህ ምንም ናቸው። ስም የላቸውም፣ ቀለማቸው ረግፏል፣ ሰብሳቢ አያያቸውም። እኔ ግን ከካርቶኑ ሁሉ ለእነሱ ብቻ ብዬ 6,500 ብሩን መልሼ እከፍላለሁ።

የጎደለው የእኛ ወገን ነው። ካርቶኑ ውስጥ አንድም ሐበሻ የለም። ስለዚህ ከጥንት ዘመን ጦረኞች መካከል ባዶ ራስና ክብ ጋሻ ያላቸውን መርጬ ሶፍት በኮላ ነክሬ ሸማ እያለበስኳቸው ነው፤ ሶፍቱ ሲደርቅ እጥፋቱን እንደያዘ ይቀራል፣ ነጭ ሲቀባ በጣም ያምራል። ለፈረሱ ዕቃ ደግሞ ዘጌ ሄጄ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ያሉትን ፈረሰኛ ቅዱሳን አያለሁ። ኮርቻውም ልጓሙም እዚያው ተሥሎ አለ።

ሱቁ ላይ ያለኝ ቅሬታ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጥቂት ፈረሰኞችን እንዲያበሩ ተብሎ በሽቦ ፈትገዋቸዋል፤ ፊታቸው ጠፍቷል፣ ያ ደግሞ አይመለስም። ለጋሼ ነግሬያቸዋለሁ፣ ሁለተኛ አይደረግም ብለዋል። ሁለተኛ፣ በነጠላ አይሸጡም፤ ካርቶኑን ሙሉውን ውሰድ ነው። አሥር ወታደር ብቻ ለሚፈልግ ተማሪ ይከብዳል።

አንድ ትንሽ ካርቶን ገና መደርደሪያው ላይ አለ፤ ስከፍተው መድፎችና የተበታተኑ መንኮራኩሮች ናቸው ያየሁት። የምትሄዱ ከሆነ በገበያው ቀን አትሂዱ፣ ደጁ ስለሚጨናነቅ ዘርግፋችሁ ማየት አትችሉም። በአዘቦት ቀን ጠዋት ሂዱ። ማዳበሪያና የሚዘጉ የፕላስቲክ ዕቃዎች ያዙ፤ ሻጩ የሚጠቀልሉላችሁ በፌስታል ነው፣ ባጃጅ ላይ ደግሞ ሳንጃ አይተርፍም።