የማዋረጃ ሊንክ ግሩፕ ውስጥ ሲገባ፦ መተው ወይስ ማጥፋት?

በደሴና በኮምቦልቻ በጎ ፈቃደኞች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ፣ አንዷን አባል ሌላ ገጽ ላይ የሚያዋርድ ጽሑፍ ሊንክ ቢለጠፍ ሁለት መንገድ አለ፦ ትቶ በግልጽ መወያየት ወይም ማጥፋት።

መተው ግልጽነት ይመስላል። ችግሩ ቴሌግራም የሊንኩን ርዕስና ፎቶ ራሱ አውጥቶ ማሳየቱ ነው፤ ማንም ሳይከፍተው ስድቡ ይነበባል። ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ሰው በሚተዋወቅበት ከተማ ደግሞ ተጠቂዋ በማግስቱ ከቤት መውጣት ይከብዳታል። ሊከላከልላት የሚጽፍ ወዳጅም መልእክቱን እየጠቀሰ ላላዩት ያሳያል።

ማጥፋት ይሻላል፤ በጥድፊያ ከሆነ ግን ማስረጃ ይጠፋል። ቴሌግራም ለአስተዳዳሪዎች ብቻ የሚያሳየው የድርጊቶች መዝገብ (Recent Actions) የጠፋ መልእክት የሚያቆየው ለ48 ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የላኪው ስም፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የሊንኩ ሙሉ አድራሻ የሚታይበት ስክሪንሹት ይነሳ፤ ከዚያ ይጥፋ። ማስረጃውን ሁለት አስተዳዳሪዎች ብቻ ይያዙት። ዛቻ ካለበት የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሊያስጠይቅ ይችላል፤ ለፖሊስ ማመልከቱን ተጠቂዋ ራሷ ትወስን።

የለጠፈውን ሁሉ ማባረር ግን ስህተት ነው። ብዙ ጊዜ ሊንኩን የሚያመጣው «ድረሱላት» የሚል ተቆርቋሪ ነው፤ ሌላ ጊዜ ለአስተዳዳሪ በውስጥ መስመር እንዲልክ ንገሩት።