«ተዘጋጅቶ ያለቀ ቢቢኤስ» የሚባለውን ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት

አሜሪካ የምትኖሩ፣ የድሮ ኮምፒውተር የምትሰበስቡ ወይም ልትጀምሩ ያሰባችሁ ወገኖች፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። «ተዘጋጅቶ ያለቀ ቢቢኤስ፤ ሰክታችሁ ከዓለም ጋር ተገናኙ» የሚል ማስታወቂያ በኢንተርኔት ገበያ ላይ እየተደጋገመ ነው። ቢቢኤስ ሰዎች እየደወሉ መልእክት የሚተዉበት የኮምፒውተር ሰሌዳ ነው። ጥቅሉ ውስጥ ኮሞዶር 64 የተባለ አንድ የድሮ የቤት ኮምፒውተር፣ የዲስክ ማንበቢያ፣ የዋይፋይ ሞደምና ሶፍትዌር የተጫነበት ዲስክ አለ። ዋጋው 780 ዶላር ነው። በዚያ ላይ «የመስመር ኪራይ» ተብሎ በየወሩ 15 ዶላር ይከፈላል። ቨርጂኒያ የሚኖሩ፣ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው አንድ ወዳጄ ገዝተውት ዕቃውን አንድ በአንድ ፈትሼዋለሁ። ሻጩን በስም አልጠራም። ተመሳሳይ ጥቅል የሚሸጡ ሌሎችም ስላሉ ማወቅ የሚገባችሁ ማታለሉ የት የት እንደተደበቀ ነው።

ጋሼ ይህን የፈለጉት ለጌጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት ኢትዮጵያ ከመግባቱ በፊት፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ሥርዓት በፊዶኔት አማካይነት ኢሜይል ያስተላልፍ ነበር። ፊዶኔት ቶም ጄኒንግስ በ1984 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የጀመረው የቢቢኤሶች መረብ ነው። መልእክቱ ይጠራቀምና፣ አብዛኛውን ጊዜ ስልክ በሚረክስበት ሌሊት፣ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ይሻገራል። ጋሼ በዚያ መንገድ ደብዳቤ ከላኩ ሰዎች አንዱ ናቸው። አሁን ጡረታ ወጥተው፣ በየአገሩ የተበተኑ የድሮ ባልደረቦቻቸው እየደወሉ የሚጨዋወቱበት ሰሌዳ ቤታቸው ውስጥ ማቆም ፈለጉ። እንዲህ ያለውን ፍላጎት አይቶ ሰውን መዝረፍ ያሳዝናል፤ ያናድዳልም።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ ቢቢኤስ ማለት በሞደም የሚደወልለት፣ መልእክትና ፋይል የሚቀመጥበት የአንድ ሰው ኮምፒውተር ነው። የመጀመሪያውን ዋርድ ክሪስቴንሰንና ራንዲ ሱስ በየካቲት 1978 ቺካጎ ውስጥ ሥራ አስጀመሩት። አንድ የስልክ መስመር ስለነበረው በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው አንድ ደዋይ ብቻ ነበር። ዛሬ የስልኩን ቦታ ኢንተርኔት ተክቶታል። የዋይፋይ ሞደሙ የድሮውን የሄይስ ሞደም ትእዛዞች እየተቀበለ አሮጌውን ኮምፒውተር ስልክ እንደተደወለለት ያሳምነዋል። ሥራው ይቻላል፤ ብዙ ሰዎችም በራሳቸው እጅ ሠርተውታል። እኔ የምቃወመው ይህን አንድ ጥቅል ነው።

ከአዳፕተሩ ልጀምር፤ የሌላው ጉድለት ገንዘብ ያስወጣል፣ ይህኛው ግን ኮምፒውተሩን ራሱን ያቃጥላል። የኮሞዶር 64 የመጀመሪያ አዳፕተር ሁለት ዓይነት ኃይል ይሰጣል፦ 5 ቮልት ቀጥተኛና 9 ቮልት ተለዋዋጭ። አብዛኞቹ ውስጣቸው በጠነከረ ሙጫ ስለተሞላ ተከፍተው አይጠገኑም፤ ሙቀቱም መውጫ የለውም። ከአርባ ዓመት በኋላ ቮልቴጅ የሚቆጣጠረው ክፍል ሲደክም 5 ቮልቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ የማስታወሻ ቺፖቹም ይቃጠላሉ። ይህ የኮሞዶር ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ጉዳይ ነው። እንዲያም ሆኖ ሻጩ የላከው ያንኑ አሮጌ አዳፕተር በጨርቅ ወልውሎ፣ «ተፈትሿል» የሚል ወረቀት ለጥፎበት ነው። መልቲሜትር ይዤ ለካሁት። እንደተሰካ 5.2 አካባቢ አነበበ፣ ይህም አያስከፋም። ትንሽ እንደሞቀ ግን ቁጥሩ መውጣት ጀመረና 5.5ን አለፈ። ከ4.75 እስከ 5.25 ካለው ክልል ሲወጣ ማቆም ግድ ነው። «ጋሼ፣ እባክዎ ይንቀሉት፤ ከእንግዲህም አይሰኩት» አልኳቸው። «ምን ነካህ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ በርቶ ነው ያደረው» አሉኝ። እስከዚያ ድረስ አለመቃጠሉ ዕድል ነው። በዘመናዊ አሠራር የተሠራ አዲስ አዳፕተር በገበያ ሞልቷል፤ ቮልቴጅ ሲያልፍ የሚቆርጥ መከላከያም ይሸጣል። 780 ዶላር የሚያስከፍል ሰው ይህንን አለማካተቱ ምንም ምክንያት የለውም።

ማስታወቂያው ሞደሙ በሰከንድ 38,400 ቢት ይሠራል ይላል። የተላከው ሞደም የሚሰካው ከኮምፒውተሩ ጀርባ ባለው የተጠቃሚ ወደብ ላይ ነው። ኮሞዶር 64 በዚያ ወደብ በራሱ ፕሮግራም ሲሠራ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚሄደው 1,200፣ ቢበዛ 2,400 ነው። ዩፒ9600 በሚባለው ብልሃት ደግሞ 9,600 ይደርሳል። 38,400 የሚገኘው እንደ ስዊፍትሊንክ ያለ፣ 6551 ቺፕ ያለበት ካርትሪጅ ከጀርባው ባለው የካርትሪጅ ማስገቢያ ሲገባለት ነው። ጥቅሉ ውስጥ ካርትሪጅ የለም። ሞደሙ ራሱ ኢኤስፒ8266 በሚባል በጥቂት ዶላር በሚሸጥ ቺፕ የተሠራ ነው። በውስጡ ያለው ዚሞደም የተባለው ፕሮግራም ቦ ዚመርማን ለማንም በነጻ የሰጠው ነው። ቺፑ የሚያውቀው 2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ መሆኑም ማስታወቂያው ላይ አልተነገረም።

ከሁሉ ያበሳጨኝ ግን አንድ ሽቦ ነው። ሞደም ደዋዩ መስመር ላይ መኖሩን ለኮምፒውተሩ የሚነግርበት የራሱ መስመር አለው፤ ካሪየር ዲቴክት ይሉታል። ደዋዩ ሳይሰናበት ቢጠፋ ቢቢኤሱ የሚያውቀው በዚህ ምልክት ነው፤ ወዲያው ዘግቶ ለቀጣዩ ይዘጋጃል። በጋሼ ሞደም ላይ ይህ ሽቦ ከነአካቴው አልተበየደም። ቦርዱን ገልብጬ ሳይ ቀዳዳው ባዶውን ነው። ውጤቱን ለማየት ከራሴ ላፕቶፕ በጋሼ ስም ገባሁና፣ ሳልሰናበት መስኮቱን ዘጋሁት። ከዚያ ደግሜ ስደውል የይለፍ ቃል ሳልጠየቅ፣ በአስተዳዳሪው ሥልጣን፣ ትቼው የሄድኩት ገጽ ላይ ራሴን አገኘሁት። ማለትም አስተዳዳሪው ኢንተርኔት ቢቋረጥበት ቀጥሎ የሚደውለው እንግዳ ሰው የሰሌዳው ባለቤት ይሆናል። ሻጩ ሲጠየቅ «ችግሩ የእርስዎ ራውተር ነው» ብሎ መለሰላቸው።

ጋሼ በመጀመሪያው ሳምንት ደውለውልኝ «ገና ለማንም አልነገርኩም፣ መስመሩ ግን ሁልጊዜ ተይዟል» ብለውኝ ነበር። የዚህም ምክንያት አስቀድሞ የሚታወቅ ነው። ሻጩ ሰሌዳውን ያስቀመጠው በፖርት 23፣ ቴልኔት በሚባለው የድሮ የርቀት መገናኛ መደበኛ በር ላይ ነው። በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም ካሜራዎችንና ራውተሮችን በዚያ በር በኩል በፋብሪካ የይለፍ ቃላቸው እየገባ ከወረረ ወዲህ፣ ዘሮቹ እስከ ዛሬ ድረስ ኢንተርኔቱን ሲያንኳኩ ይውላሉ። በጋሼ ስክሪን ላይ የስም መጠየቂያው ፊት «ኢኔብል»፣ «ሲስተም»፣ «ሼል» እየተባለ በተርታ ሲጻፍ አየሁ፤ የእነዚያ ፕሮግራሞች የተለመደ አገባብ ነው። ኮሞዶር 64 ካሜራ ስላልሆነ በዚህ አይወረርም። ግን አንድ ደዋይ ብቻ የሚያስተናግድ ሰሌዳ በማሽን ተይዞ ከዋለ ለሰው አይደርስም። በሩን ወደ ሌላ ቁጥር፣ ለምሳሌ ወደ 6400 መቀየር አብዛኛውን ጫጫታ ይቀንሳል። ይህ ጥቂት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ወርሃዊው 15 ዶላር ደግሞ ሰው ባልገባው ነገር እንዲከፍል ማድረጊያ ነው። ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች፣ በተለይ በሞባይል ኔትወርክ የሚሠሩት፣ አንድን የኢንተርኔት አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ያካፍላሉ። አንድ የቤት ቁጥር ያለው ግቢ ውስጥ ብዙ ተከራይ እንደሚኖረው ማለት ነው፤ ከውጭ የመጣ እንግዳ የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ አያውቅም። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሰሌዳ ማቆም መሸጋገሪያ፣ ማለትም ጥሪውን ተቀብሎ ወደ ቤታችሁ የሚያሳልፍ ውጭ ያለ ኮምፒውተር ይጠይቃል፣ ይህ እውነት ነው። ሻጩ ግን ቤታችሁ የራሱ አድራሻ ይኑረው አይኑረው ሳይጠይቅ ሁሉንም ያስከፍላል። ማጣራቱ ቀላል ነው፤ ራውተራችሁ ውስጥ ገብታችሁ ከውጭ በኩል የተሰጠውን አድራሻ ተመልከቱ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ የሚጀምር ከሆነ የጋራ ነው። ካልሆነ፣ ድረ ገጾች አድራሻችሁ ነው ብለው ከሚያሳዩአችሁ ቁጥር ጋር አስተያዩት። አንድ ዓይነት ከሆኑ ራውተሩ ላይ አንድ ፖርት ወደ ሞደሙ ማሳለፍ ይበቃችኋል፤ ወርሃዊ ክፍያ አያስፈልግም። የጋሼ ቤት የራሱ አድራሻ ነበረው።

በሻጩ በኩል ማለፍ ሌላም መዘዝ አለው። ቴልኔት ምንም ነገር አይመሰጥርም፤ የእያንዳንዱ ደዋይ የይለፍ ቃልና ደብዳቤ በሻጩ ማሽን ላይ በግልጽ ያልፋል። ለወዳጆቻችሁ ያደላችሁት የመደወያ አድራሻም የእሱ ነው፤ መክፈል ባቆማችሁ ቀን ይጠፋል። አድራሻው የጋራ የሆነበት ሰው እንኳ ትንሽ የኪራይ ሰርቨር በራሱ ስም ይዞ መሸጋገሪያውን ቢያቆም ቁልፉ በእጁ ይሆናል።

ዲስኩንም አየሁት። «በፈቃድ የተሸጠ» የተባለው ሶፍትዌር በነጻ የሚገኝ የድሮ ፕሮግራም ነው። ይባስ ብሎ ሻጩ የገለበጠው ከሌላ ሰው ሰሌዳ ላይ ኖሮ፣ የተጠቃሚዎች ፋይል ውስጥ የማናውቃቸው ሰዎች ስም፣ ስልክ ቁጥርና የይለፍ ቃል ሳይመሰጠር ተቀምጧል። ፋይሉን አጥፍተነዋል። እናንተም ብታገኙት አጥፉት፣ ለማንም አታሳዩ።

ኮሞዶር 64 መግዛት ለምትፈልጉ የምለው ይህ ነው። ሻጩ ማሽኑን አብርቶ አድራሻውን ይስጣችሁ፤ እናንተ ከቤታችሁ ሲንክተርም በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ደውሉ። ግቡ፣ መልእክት ጻፉ፣ ከዚያ ሳትሰናበቱ አቋርጡና መልሳችሁ ደውሉ። ስምና የይለፍ ቃል ካልጠየቃችሁ ያ ሽቦ የለም ማለት ነው፤ አትግዙ። የአዳፕተሩን ፎቶ ጠይቁ። ወርሃዊ ክፍያ ካለ ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ይመልስላችሁ። ገንዘቡን የምትከፍሉትም መከራከር በሚቻልበት በክሬዲት ካርድ ይሁን።

ሰሌዳ ማቆም እንጂ አሮጌው ማሽን የማያጓጓችሁ ከሆነ ግን ከኪሳችሁ ብዙ አይወጣም። ሲንክሮኔት የተባለው የቢቢኤስ ፕሮግራም ነጻ ነው፤ ሚስቲክም እንዲሁ። ሁለቱም በአሮጌ ላፕቶፕ ወይም ራዝቤሪ ፓይ በሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ይሠራሉ፣ ብዙ ደዋይም በአንድ ጊዜ ያስተናግዳሉ። የኮሞዶሩን መልክና ጣዕም አስቀድማችሁ ማየት ብትፈልጉ ቫይስ የተባለው ነጻ አስመሳይ ፕሮግራም አለ፤ ጂም ብሬን ከሠራው፣ የሞደምን ቦታ ከሚተካው ቲሲፒሰር ከተባለ ፕሮግራም ጋር ሲጣመር ያለ አንዳች ዕቃ ግዢ ደዋይ ይቀበላል። ጋሼም አሁን የያዙት ይህን መንገድ ነው፤ ሁለት የድሮ ባልደረቦቻቸው ደውለው ገብተዋል።

ስለ 780 ዶላሩ ለካርዱ ባንክ አቤቱታ አቅርበናል። ወርሃዊው ክፍያ ግን በራሱ ጊዜ እየታደሰ ከካርድ ላይ ስለሚቆረጥ፣ ዕቃውን መመለስ ብቻውን አያስቆመውም። ይህን ጥቅል የገዛችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ አዳፕተሩን ንቀሉ፣ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ቀይሩ፣ ለባንካችሁም ደውላችሁ ወርሃዊውን ክፍያ አሳግዱ።