ዜታ ጋንዳም ሪል ግሬድ 1/144፦ በደጋው ብርድ ለሚገጣጥሙት

ቁመቱ ከእስክሪብቶ ትንሽ ያንሳል። አንድም ክፍል በሌላ ሳይተካ ከቆመ ሮቦት ወደ በራሪ ይለወጣል። የጃፓኑን መጫወቻ አምራች የባንዳይን ሪል ግሬድ ዜታ ጋንዳም ተወዳጅ ያደረገው ይህ ነው፤ እጅ ላይ ሲይዙት የሚያወላውለውም በዚሁ ምክንያት ነው። በየቀኑ እንደ መጫወቻ ልለዋውጠው ለሚል ሰው አንመክረውም። ትዕግሥት ላለው፣ ገጥሞ መስታወት ውስጥ ለሚያኖርና በዓመት ሁለት ሦስቴ ብቻ ቅርጹን ለሚቀይር ሰው ግን በዚህ መጠን ይህን ያህል የረቀቀ ተገጣጣሚ በቀላሉ አይገኝም።

ጋንዳም እ.ኤ.አ. በ1979 በጃፓን ቴሌቪዥን የጀመረ አኒሜ፣ ማለትም የጃፓን ካርቱን፣ ነው። የፕላስቲክ ተገጣጣሚዎቹ በዓመቱ፣ በ1980፣ ገበያ ላይ ዋሉ። ዜታ በ1985 የጀመረው ባለ 50 ክፍል ተከታይ ነው። በታሪኩ ውስጥ የዋናው ሮቦት ቁመት 19.85 ሜትር ነው፤ ለ144 ሲካፈል 13.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። እዚያው ታሪክ ውስጥ ሮቦቱ ወደ በራሪነት ለመለወጥ ግማሽ ሰከንድ ይበቃዋል። ጠረጴዛ ላይ ግን ለመጀመሪያው ለውጥ ከ20 ደቂቃ ያነሰ ጊዜ መመደብ ስህተት ነው። ሪል ግሬድ የተባለው ተከታታይ በ2010 የተጀመረው የትላልቆቹን የ1/100 ሞዴሎች ዝርዝር ወደ 1/144 ለማጨቅ ነበር። ዜታው በ2012 ሲወጣ ዝርዝሩ ላይ ሙሉውን ለውጥ ጨመረበት፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ሳጥኑ ወደ ሰሜን ሸዋ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ስለሆነ፣ ጎድሎ ቢገኝ መልሶ መላክ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ የሚያመጣላችሁ ሰው ሲገዛ እንዲያይ የምትነግሩት ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ክፍሎቹን የያዙት የፕላስቲክ ከረጢቶች ያልተቀደዱ ይሁኑ። ሁለተኛ፣ ክፍሎቹን እንደ መስኮት ፍሬም ከቦ የሚይዘው ራነር ዳር ላይ የባንዳይ ስም ተቀርጾ ይገኝ። ቅጂዎች አሉ፤ በሌላ ሞዴል ቅጂ ችግሩ የመልክ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ እዚህ ግን መገጣጠሚያዎቹ በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ የሚሠሩ ስለሆነ ትንሽ የሰፋ ቀዳዳ ሙሉውን ለውጥ ያበላሻል።

ሙጫ አያስፈልግም፤ ሁሉም ተጭኖ ይገባል። ከመሣሪያ የግድ የሚሉት ስለታም ቆራጭ ፒንሳ፣ ካተር ወይም ምላጭ፣ ወረንጦ፣ እና 400፣ 600፣ 1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ናቸው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወፍራም ፒንሳ አይሆንም፤ ፕላስቲኩን ከመቁረጡ በፊት ይጨፈልቀዋል። የተሻለ ፒንሳ ከሌለ ጥሩ የጥፍር መቁረጫ ይሻላል።

አቆራረጡ ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ክፍሉን ከራነሩ የሚያያይዘውን ቀጭን አንገት ከክፍሉ 3 ሚሊ ሜትር ርቆ መቁረጥ፤ ከዚያ የቀረውን ጉቶ ግማሽ ሚሊ ሜትር አስቀርቶ እንደገና መቁረጥ። ያቺን ትርፍ በምላጭ ስስ ስስ አድርጎ መላጨት፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀቱ ከሻካራው ወደ ለስላሳው ማለስለስ። በአንድ ጊዜ ከሥሩ የቆረጠ ሰው ፕላስቲኩ ሲለጠጥ የሚፈጠር ነጭ ጠባሳ ያገኛል። ነጭ ክፍል ላይ አይታይም፤ የዜታ ደረት ያለበት ጥቁር ሰማያዊ ላይ ግን ከሩቅ ይጮኻል። የታየውን ጠባሳ በጥፍር አጥብቆ ማሸት በከፊል ያደበዝዘዋል።

የሪል ግሬድ ትልቁ ብልሃት አጽሙ ነው። እጅና እግሩ የሚታጠፍበት ውስጣዊ አካል በተለያየ የፕላስቲክ ዓይነት ተደራርቦ፣ መገጣጠሚያው ሁሉ በውስጡ ተሠርቶ፣ ራነሩ ላይ ሳለ ተገጣጥሞ ይመጣል። ቆርጦ ማውጣትና ማጠፍ ብቻ ነው፤ ልብሱ፣ ማለትም የውጭ ሽፋኑ፣ የሚለበሰው በላዩ ላይ ነው። ግን ከፋብሪካ ሲመጣ መገጣጠሚያዎቹ በትንሹ እንደተጣበቁ ናቸው። ልብሱን ከማልበስ በፊት እያንዳንዱን ጉልበት፣ ክርንና ቁርጭምጭሚት በሁለት ጣት ይዞ፣ ከመገጣጠሚያው አጠገብ እንጂ ጫፉን ሳይዙ፣ ከአምስት እስከ ስድስት ጊዜ ቀስ አድርጎ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ትንሽ የመላቀቅ ድምፅ ይሰማል፤ የሚያስደነግጥ አይደለም። ጫፉን ይዞ የሚጎትት ግን እጁ ላይ ግማሽ ቁርጭምጭሚት ይቀርበታል።

የደጋው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። መንዝ ላይ ደግሞ ይብሳል። ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፤ ሞቅ ሲል የሚለጠጠው ቀጭን ካስማ ጠዋት በብርድ ይሰበራል። ስለዚህ አጽሙን ማላቀቅና የመጀመሪያውን ለውጥ ማድረግ ከረፋዱ በኋላ፣ ቤቱ ከሞቀ ወዲያ ይሁን፤ ወይም መገጣጠሚያውን መዳፍ ውስጥ ሁለት ሦስት ደቂቃ መያዝ ይበቃል። ከሰል ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ እንደ ክንፍ ያለው ሰፊና ስስ ክፍል ቶሎ ይጣመማል። ሸዋ ሮቢት ላሉት ብርዱ ችግር አይደለም፤ እነሱ የሚጠነቀቁት ከቆመ መኪና መስኮትና ከፀሐይ ነው።

ሌላው የአገራችን ፈተና ብናኝና የልብስ ጥቃቅን ክር ነው። በርኖስ፣ ባና ወይም ጋቢ ደርቦ መገጣጠም ይሞቃል፤ የሱፉና የጥጡ ጥቃቅን ክር ግን ስቲከሩ ጀርባ ላይ ሲጣበቅ አይለቅም፣ መገጣጠሚያ ውስጥም ይገባል። ስቲከር ሲለጠፍ የምትለብሱት ለስላሳ ይሁን። ሥራው ጠርዝ ባለው ትሪ ላይ፣ ከሥሩ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎ ይሠራ። ከዜታ ክፍሎች የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ አሉ፤ አንዱ ስጋጃ ላይ ከወደቀ ማታውን ፍለጋ ነው።

ስቲከሮቹ ብዙና ጥቃቅን ናቸው፤ ከፊሎቹ እንደ ብረት ያብረቀርቃሉ። ሁሉንም መለጠፍ አያስፈልግም። ዓይኑን፣ አንጸባራቂዎቹንና ትላልቆቹን ምልክቶች ለጥፎ ሌላውን መተው ሞዴሉን ያሳምረዋል እንጂ አያጎድለውም። በተለይ በለውጥ ጊዜ እርስ በርስ የሚፋተጉት ገጾች ላይ፣ ለምሳሌ የትከሻው ውስጥና የጭኑ ጎን ላይ፣ ባይለጠፍ ይመረጣል፤ በሦስተኛው ለውጥ ጠርዙ ይነሳል።

አሁን ወደ ለውጡ። በራሪው ቅርጽ ዌቭ ራይደር ይባላል። በጥቅሉ ሲታይ፣ ጭንቅላቱ ወደ ደረቱ ውስጥ ይሰምጣል፣ ትከሻና እጅ ወደ ውስጥ ተሰብስቦ ከአካሉ ጎን ይተኛል፣ ጀርባው ላይ የታዘሉት ክንፎች ዞረው ይመጣሉ፣ እግሩ ይታጠፋል፣ ጋሻው ከክንዱ ወልቆ ከሥር ይገባና አፍንጫ ይሆናል። ሐሳቡ ውብ ነው፤ ጋሻ አፍንጫ ሲሆን ማየት ብቻውን የሳጥኑን ዋጋ ያወጣል ብንል ማጋነን አይደለም። መመሪያው በጃፓንኛ ቢሆንም ሥዕሉ ይበቃል፤ እያንዳንዱን ክፍል የሚጠሩት በራነሩ ፊደልና በክፍሉ ቁጥር ነው።

የሚሳሳቱት አብዛኞቹ ቅደም ተከተሉን በመዝለል ነው። አንድ ነገር እምቢ ሲል መግፋት አይደለም መፍትሔው፤ ያለፈው እርምጃ እስከ መጨረሻው መድረሱን ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ነው። ደረቱ ሙሉ በሙሉ ካልተነሳ ጭንቅላቱ አይገባም፤ ግማሽ ላይ የተጫነ ጭንቅላት ደግሞ ግንባሩ ላይ ያለውን ቀጭን ቢጫ ቀንድ ይሰብራል። ቀንዱን ከለውጡ በፊት ነቅሎ ትሪው ጥግ ማኖር የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የሮቦቱ የጦር መሣሪያዎችም አስቀድመው ይውለቁ። ወደ ሮቦትነት ሲመለስ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው፤ ክንፎቹ ወደ ጀርባ ከመመለሳቸው በፊት እግሩን ለማቆም የሚቸኩል ሰው ወገቡን ያላላዋል።

ወገቡ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የዚህ ሞዴል ትልቁ ድክመት ነው። በሮቦት ቅርጹ ደረትና ወገብን አጥብቆ የሚያስር ነገር አነስተኛ ስለሆነ ያወላውላል። የጎንና የፊት ቀሚስ የሚባሉት ሳህኖች እግር ሲነሳ ይወልቃሉ። ክንፎቹና ረጅሙ ጅራት ጀርባውን ስለሚከብዱት ወደ ኋላ ይጎትቱታል። ጋሻውን በአንድ ክንድ ሲይዝ ክንዱ ይወርዳል። ይህ የአንድ ሳጥን ብልሽት ሳይሆን ንድፉ ያስከተለው ነው፦ ያ ሁሉ መተጣጠፊያ 14 ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ቁመት ውስጥ ሲታጨቅ ለመቆለፊያ የሚተርፍ ቦታ ትንሽ ነው።

የላላውን ለማጥበቅ የምንመርጠው የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ነጭ ቴፍሎን ነው። ከመገጣጠሚያው ኳስ ወይም ካስማ ስፋት ጋር የሚመጣጠን ቁራጭ አንድ ዙር ጠቅልሎ መልሶ ማስገባት፤ ካልበቃ ሁለተኛ ዙር። ሲፈለግ ይወጣል፣ ፕላስቲኩን አይነካም። ሁለተኛው ዘዴ ሱፐር ግሉ በስቴኪኒ ጫፍ ኳሱ ላይ ስስ አድርጎ ቀብቶ፣ ክፍሉን ሳይገጥሙ አየር ላይ ማድረቅ ነው። እዚህ ላይ በጋው ያታልላል፤ ሱፐር ግሉ የሚደርቀው በአየር ውስጥ ካለ እርጥበት ጋር ተገናኝቶ ስለሆነ በደረቁና በቀዝቃዛው የታኅሣሥ አየር ከተለመደው ይዘገያል። ላዩ ደርቆ ውስጡ ሳይደርቅ የተገጠመ ጉልበት ለዘላለም ይጣበቃል። እስከ ማግስቱ ማቆየት ነው። የጥፍር ቀለምም የሚጠቀሙ አሉ፤ በውስጡ ያለው አሟሚ ፕላስቲክ ስለሚበላ አጽሙ ላይ ባይሞከር እንላለን።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። በክፍሎቹ ላይ በተቀረጹት ስስ መስመሮች ውስጥ ጥቁር ቀለም ማስገባት ሞዴሉን በጣም ያደምቀዋል፤ ግን በስስ ጫፍ ማርከር ይሠራ። ቀለም በቤንዚን፣ በነጭ ጋዝ ወይም በቀለም ማቅጠኛ አቅጥኖ ማፍሰስ፣ ወይም የተሳሳተውን በዚያ ማጽዳት፣ አጽሙን ያፈርሰዋል። ፈሳሹ መገጣጠሚያው ውስጥ ሰርጎ ተጨንቆ የቆመውን ፕላስቲክ ይሰነጥቀዋል፤ ዛሬ ደህና የነበረው ቁርጭምጭሚት ነገ ሳይነካ ለሁለት ይሆናል። የማርከር ስህተት በጣት ወይም በእርጥብ የጆሮ ጥጥ ገና ሳይደርቅ ይጠረግ። የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ የሚረጭ ካለ ክረምቱን ያሳልፍ፤ በሐምሌ እርጥበት የተረጨ ቫርኒሽ ነጭ ጉም ይይዛል።

የሚጠራጠር ገዢ ሁለት አማራጭ አለው። ሃይ ግሬድ የተባለው የዚያው ሮቦት ሞዴል መጠኑ ያው 1/144 ነው፣ ክፍሉ ያነሰ፣ ዋጋውም የቀለለ፤ ወደ በራሪነት የሚሄደው ግን ክፍል በመተካት ነው። ለውጡ ይጎድለዋል፣ በምትኩ ጠንክሮ ይቆማል። ከ15 ዓመት በታች ላለ ልጅ፣ ወይም ከዚህ በፊት አንድም ሞዴል ላልገጠመ ሰው፣ ያለ ማመንታት ይህንን እንላለን። ማስተር ግሬዱ ደግሞ 1/100 ነው፣ 20 ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ የ2023ቱ እትም ሙሉውን ለውጥ ይዞ በጣት የሚያዝ ስፋት አለው። ገንዘቡ ለሚፈቅድለት ለውጡን ደጋግሞ ለማየት የሚሻለው እሱ ነው። ሪል ግሬዱ በሁለቱ መካከል ነው፦ ከትልቁ ይረክሳል፣ ከትንሹ ይረቅቃል፣ ከሁለቱም ይልቅ እጅ ይፈትናል።

ሲጠናቀቅ ብቻውን እንዲቆም አይጠበቅበት። ከሥር የሚደግፍ ማቆሚያ፣ በተለይ በበራሪ ቅርጹ፣ የግድ ነው። ካልተገኘ ወፍራም ሽቦ በዩ ቅርጽ አጥፎ፣ ጫፉን በፕላስቲክ ቱቦ ሸፍኖ፣ እንጨት ላይ መትከል ይቻላል። ከዚያ ክዳን ባለው መስታወት ውስጥ ይግባ፤ የበጋው አቧራ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። አቧራ ከያዘውም በደረቅ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይጠረግ እንጂ በጨርቅ አይወልወል፤ ጨርቁ መጀመሪያ የሚይዘው ያንኑ ቢጫ ቀንድ ነው። የተረፈው ራነርም አይጣል፤ በእሳት አለስልሶ ሲጎተት እንደ ክር ይቀጥናል፣ የተሰበረ ካስማ የሚተካው በእሱ ነው።