የሰኔው ሶፋና ያለቀው ሪኤጀንት

ለጥምቀት አገር ቤት ገብቼ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ስለ በረራውም ስለ ሆቴሉም የምለው ብዙ የለኝም፤ ሁለቱም ደህና ነበሩ። መጻፍ የፈለግኩት አክስቴን ይዤ ስለሄድኩበት የመንግሥት ሆስፒታል ነው። ስኳርና ደም ግፊት አለባት፤ ክትትሏም እዚያው ነው።

ከባለሙያዎቹ ልጀምር። ወጣቱ ሐኪም ሳይቸኩል አዳመጣት። ጫማዋን አስወልቆ እግሯን ሳይቀር አየላት። ነርሷ "እናቴ፣ ይቀመጡ" ብላ የራሷን ወንበር ለቀቀችላት። ለእነሱ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ችግሩ ከሐኪሙ ክፍል ውጭ ነው። ካርድ ክፍል ፋይሏ ጠፍቷል ተባለና አዲስ ካርድ ወጣላት። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስተኛዋ መሆኑ ነው። መዝጋቢዋ ስሟን መዝገብ ላይ ጻፈች፣ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባች፣ ካርዱ ላይ ደግሞ ደገመችው። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። "መብራት ሲጠፋ በወረቀት ነው የምንሠራው። ሪፖርቱንም በሁለቱም ይጠይቁናል" አለችኝ።

ሐኪሙ የሦስት ወር የስኳር መጠን የሚያሳየውን ምርመራ አዘዘ። ላብራቶሪ ስንደርስ "ሪኤጀንት አልቋል፣ ውጭ አሠሩት" አሉን፤ ሪኤጀንት ምርመራው የሚሠራበት ኬሚካል ነው። ካለቀ ከወር በላይ ሆኖታል። ከሦስቱ ባለሙያዎች ሁለቱ አዳማ ስልጠና ላይ ናቸው። ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶ ደጅ ወጥቷል። ከታዘዙት ክኒኖችም አንዱ ፋርማሲው ውስጥ የለም።

አክስቴ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ናት። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ገበሬው ለሕክምና ብሎ በሬውን እንዳይሸጥ ታስቦ ነው። መዋጮዋን በየዓመቱ ትከፍላለች። እኛ ግን ምርመራውንም ክኒኑንም ውጭ ከኪሳችን ከፈልን። ገንዘቡን ለማስመለስ ደረሰኝ፣ ማዘዣ፣ "የለም" የሚል ማህተምና የኃላፊ ፊርማ ያስፈልጋል። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። በማግስቱም ስብሰባ ላይ ነበሩ።

ፊርማውን ፍለጋ አስተዳደር ሕንፃ ስንገባ ነው ሶፋውን ያየሁት። አዲስ ነው፤ ላስቲኩ እንኳ አልተነሳለትም። እኔም አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ባለ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሂሳብ ክፍል ስለምሠራ ከሂሳብ ሠራተኛው ጋር ጨዋታ ጀመርን። ሶፋው ሰኔ ላይ የተገዛ ነው አለኝ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተነካ በጀት ተመላሽ ይሆናል። የሪኤጀንት ግዢ ወራት ይፈጃል፣ ሶፋ ግን በሳምንት ይገባል። የስልጠናው ገንዘብ ደግሞ ከለጋሽ የመጣ ነው፤ ለስልጠና ተብሎ ስለተመደበ ሪኤጀንት ሊገዛበት አይችልም። የስልጠናው አበል ከሌለ ሠራተኛው በደመወዙ ብቻ ወር አይደርስም። በአበሉ ማንንም አልወቅስም። ሁለት ሰው ከአንድ ላብራቶሪ ባንድ ጊዜ መላኩ ግን ማንም ሊያስቀረው የሚችል ነገር ነው።

አሜሪካ ይሻላል እያልኩ አይደለም። ተመራማሪዎች ባሰሉት መሠረት በ2017 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ የጤና ወጪ 34 በመቶ ያህሉ ለአስተዳደር ሥራ ነው የዋለው፤ በካናዳ 17 በመቶ ነበር። እንጀራዬን የምበላበት ሥራ ከዚያ ውስጥ ነው። በየቀኑ ሰው በዚያ ሲጎዳ አያለሁ። አገር ቤት ግን ከጤና ወጪው ሲሶ ያህሉ በቀጥታ ከቤተሰብ ኪስ ይወጣል። ሶፋው ሲገዛ የጎደለውን ክኒን የምትሞላው አክስቴ ናት።

የሪኤጀንቱ ግዢ ሰኔን ሳይጠብቅ መስከረም ላይ ቢጀመር ምን ይከለክለዋል? የሂሳብ ሠራተኛውን ጠይቄው ነበር። "ጥያቄው ከላብራቶሪ በጊዜ ከመጣ ምንም አይከለክለውም" አለኝ።

ቀጣዩ ቀጠሮዋ ሚያዝያ ላይ ነው። የካርዷን ቁጥር ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ልኬላታለሁ። ከቀጠሮው ሳምንት ቀደም ብላ ላብራቶሪ ትደውላለች።