ማሽን ሾፑ 4 ኮከብ፣ ጥቁሩ አኖዳይዝ ግን ጉድ ሠራኝ

የምትፈልጉትን የማሽን ዕቃ ስዕል በኢንተርኔት ትልካላችሁ፣ የብረቱን ዓይነት ትመርጣላችሁ፣ ላዩ ምን እንዲደረግለት እንደምትፈልጉ ትነካላችሁ፣ ትከፍላላችሁ። ከቻይና ተቆርጦ ይመጣል። ስሙን ልተወው፣ ሁለት ጊዜ አዝዣለሁ፣ ስለዚህ የማወራው ቀምሼ ነው።

ቤተሰቤ ሽሮና በርበሬ እያሸገ ይሸጣል፣ ማሽኗን የምጠጋግናት እኔ ነኝ። የኩሽኔታው ቤት፣ ማለትም ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ብረት፣ ተሰነጠቀ። መጀመሪያ እዚሁ ቀልጦ ከተጣለ አልሙኒየም አሠራሁት። ድስቱም የሞተር ቁርጥራጩም አብሮ የቀለጠበት ነው መሰለኝ፣ ሲቆረጥ ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን ነበር። ቡሎኑን ጠበቅ ሳደርገው ጥርሱ እንዳለ ተላጠ። ያኔ ነው ዱባይ ያለችው እህቴ በካርዷ ከፍላልኝ፣ ዕቃው እሷ ጋ ደርሶ በሰው ሻንጣ አዲስ አበባ የገባው።

ምርጫው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያቃጥለው እዚህ ጋ ነው። ዝርዝሩ ላይ የአልሙኒየም ዓይነቶቹ በቁጥር ነው የሚጠሩት፣ 6061፣ 6063፣ 7075፣ 2024 እያለ ይሄዳል። እኔም እንደማንኛውም ሰው ዓይኔ 7075 ላይ አረፈ። ጠንካራ ነው፣ ቅርጹ ሳይበላሽ 500 ሜጋፓስካል ገደማ ይችላል፣ 6061-T6 ደግሞ 275 አካባቢ። ግን የኔ ዕቃ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ያን ያህል ጉልበት አያርፍበትም። ደግሞ ስትጫኑት ምን ያህል ይለመጣል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ በዚህ ሁሉም የአልሙኒየም ዓይነቶች ማለት ይቻላል እኩል ናቸው፣ ሁሉም 70 ጊጋፓስካል አካባቢ ናቸው። እንዳይለመጥ ከፈለጋችሁ ግድግዳውን አወፍሩት እንጂ ውድ ብረት አትግዙ። 2024 መዳብ አለበት፣ ለአውሮፕላን ጥሩ ነው፣ በየቀኑ በውሃ ለሚታጠብ ማሽን ግን አይሆንም። 6063 የመስኮታችን ፕሮፋይል ነው፣ ለስለስ ይላል። ስለዚህ 6061-T6። T6 ማለት በሙቀት ታክሞ፣ በድንገት ቀዝቅዞ፣ ከዚያ እንደገና ሞቅ ብሎ የጠነከረ ማለት ነው። ዋጋውም ከ7075ቱ በጣም ይሻላል።

አቆራረጡ? አፌን አስያዘኝ። በማይክሮሜትር ዞርኩት፣ ገጹ ልሙጥ ነው፣ ጠርዙ እጅ አይቆርጥም፣ ያልጠየቅኩት ቦታ ላይ እንኳ ሹሉን አንስተውታል።

ችግሩ ጥቁሩ ነው። የበርበሬ ብናኝ እንደ አሸዋ ስለሚፍቅ ሃርድ አኖዳይዝ የሚለውን ነካሁ፣ ውፍረቱ 50 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። አኖዳይዝ ቀለም አይደለም፤ አልሙኒየሙ ራሱ ላዩ ላይ ወደ ኦክሳይድ ይቀየራል፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ይበላል፣ ግማሹ ወደ ውጭ ያድጋል። ስለዚህ በቀዳዳው ግድግዳ ላይ 25 ማይክሮን፣ በወዲያኛውም 25፣ ቀዳዳው በ50 ማይክሮን ጠበበ ማለት ነው። የኔ ኩሽኔታ 6204 ነው፣ የውጭ ስፋቱ 47 ሚሊሜትር። ስዕሉ ላይ የሰጠሁት መፈናፈኛ በሙሉ ከ0 እስከ 25 ማይክሮን ነበር። ኩሽኔታው አልገባም አለ። በኤሌክትሪክ ምድጃ አሞቅነው፣ ሰተት ብሎ ገባ፣ ደስ አለን። ሲቀዘቅዝ ግን ጨብጦት በእጅ ሳዞረው እንደ ዛገ ማጠፊያ ከረር ከረር ይላል። እንዲህ ቢሠራ ይግል ነበር፣ አወጣነው።

ወደ ጋሼ ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ሰፈር ውስጥ 47ን በጣታቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ተራውን የመቁረጫ ብረት አስጠጉት፣ ላዩ ላይ ተንሸራቶ ጫፉ ደነዘዘ። "አንተ ልጅ፣ ይሄ አልሙኒየም ነው ወይስ ብርጭቆ?" አሉኝ። በካርባይድ፣ ከተራው በጣም በሚጠነክረው መቁረጫ፣ ቀስ እያሉ ፋቁት፣ ተስተካከለ።

ካምፓኒውን በቻት ጠየቅኩት። "ስዕሉ ላይ ልኬቱ ከአኖዳይዝ በፊት ይሁን በኋላ አልተጻፈም" አሉ፣ በትህትና። እውነታቸውን ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ግን እንዲህ ጠባብ ቀዳዳና 50 ማይክሮን አንድ ላይ ያየ ባለሙያ አንድ መስመር ጽፎ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት? አንዱን ኮከብ የቀነስኩት ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። አኖዳይዝ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የመሬት ሽቦውን ላዩ ላይ በቡሎን አስሬ ቴስተር ሳስጠጋ ድምፅ የለም፣ እስኪገባኝ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ከሥሩ መፋቅ ነበረብኝ። በበረኪና የሚያጥብ ሠራተኛ ካላችሁ ደግሞ ከአሁኑ ንገሩት፣ በረኪና አኖዳይዝንም አይምርም።

በሁለተኛው ትዕዛዝ ስዕሉ ላይ "ልኬቶቹ በሙሉ ከአኖዳይዝ በኋላ ያሉ ናቸው፣ የኩሽኔታው ቀዳዳና የመሬት ሽቦው ቦታ አኖዳይዝ እንዳይነካው በሥራው ጊዜ ይደፈን" ብዬ ጻፍኩ። ለመድፈኑ ትንሽ ጨመሩብኝ፣ ይገባቸዋል። ኩሽኔታው በአውራ ጣት ግፊትና በእንጨት መዶሻ ሁለት ምት ገባ። አብሮ ያዘዝኩት ትንሽ ድጋፍ 7075 ስለነበር ጥቁሩ ከኩሽኔታው ቤት ጥቁር ጋር አልገጠመም፣ አንዱ ወደ ቡናማ ያደላል። እኔ ግድ የለኝም፣ ለሚታይ ዕቃ ግን ሁለቱንም ከአንድ ዓይነት ብረት እዘዙ።

ለጋሼ አዲሱን ላሳያቸው ወስጄው ነበር። አገላብጠው አዩት፣ በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። "ቀዳዳውን እኔ እበሳዋለሁ" አሉ፣ "አንተ የዚህን ብረት ዘንጉን ብቻ አስመጣልኝ።"